ፍሬስኮ ምንድን ነው? የግድግዳ ሥዕልስ እንዴት ይጠበቃል?

ባለፈው በጋ አያቴ በሶዶ የጭቃ ቤታቸውን ግድግዳ ሲያስመርጉ እኔ ጭቃውን ከጭድ ጋራ እየረገጥኩ እረዳቸው ነበር። ምርጊቱ ሳይደርቅ ታናሽ ወንድሜ መዳፉን አሳረፈበትና ተቈጣሁት። ግድግዳው ከደረቀ በኋላ ግን እኔ ራሴ የዳሞታን ተራራ በከሰል ሣልኩበት። ክረምት ገብቶ ጣራው ባፈሰሰ ጊዜ የእኔ ተራራ ታጥቦ ወረደ፤ የወንድሜ መዳፍ እስከ ዛሬ አለ። መምህራችን ስለ ፍሬስኮ የነገሩንም ያን ጊዜ ትዝ አለኝ።

ፍሬስኮ የኢጣልያ ቃል ሲሆን ትርጓሜው ትኩስ ማለት ነው፤ ይኸውም ሥዕሉ ልስኑ ሳይደርቅ ስለሚሣል ነው። የኖራ ድንጋይ በእሳት ሲቃጠል የተቃጠለ አየር የምንለው ጋዝ ከውስጡ ይወጣል፤ በውሃ ሲጠፋም እንደ ቅቤ የለሰለሰ ኖራ ይሆናል። ይህ ኖራ ከአሸዋ ጋራ ተደባልቆ በግድግዳ ላይ በተለሰነ ጊዜ፥ ቀድሞ ያጣውን ጋዝ ከአየር መልሶ እየወሰደ እንደገና ድንጋይ ይሆናል። ሠዓሊው ቀለሙን በውሃ ብቻ በጥብጦ በእርጥቡ ልስን ላይ ሲቀባ፥ ቀለሙ ከድንጋዩ ጋራ አንድ ይሆናል እንጂ በላዩ ላይ አይቀመጥም። ሙጫም እንቍላልም አያሻውም። ችግሩ ጊዜ ነው፤ ሠዓሊው በአንድ ቀን ሊሥል የሚችለውን ያህል ብቻ ያስለስናል። ሚኬላንጄሎ በቫቲካን የሲስቲና ጸሎት ቤትን ጣራ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1508 እስከ 1512 የሣለው እንዲህ ቁራጭ በቁራጭ ነው።

እኔም ነገሩን ለመሞከር ጥቂት ኖራ ገዝቼ በሁለት የሸክላ ስባሪዎች ላይ ለሰንኩ። ቀለሜ የሶዶ ቀይ አፈር ነበር፤ ደቅቄና ነፍቼ በውሃ በጠበጥኩት። አንደኛውን እርጥብ ሳለ፥ ሁለተኛውን ከደረቀ በኋላ ቀባሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ በእርጥብ ጨርቅ ስጠርጋቸው ሁለተኛው ጨርቁን አቀላው፤ አንደኛው ግን እምብዛም አልለቀቀም። (ኖራው እጄን ስለ ላጠው፥ ልትሞክሩ የምትወዱ ሁሉ ጓንት አድርጉ።)

ብዙ ሰው የቤተ ክርስቲያኖቻችንን የግድግዳ ሥዕል ሁሉ ፍሬስኮ ይለዋል፤ እኔም እንዲሁ እል ነበር። ነገር ግን በጎንደርና በጣና አካባቢ አብዛኛው ሥዕል የተሣለው በጥጥ ጨርቅ ላይ ሲሆን፥ ጨርቁ በግድግዳው ላይ በሙጫ የተለጠፈ ነው።

ይህ ልዩነት ቀላል እንዳይመስላችሁ። በጎንደር አጠገብ ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ የመሠረቱት የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። በ1932 በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ጓድ ሥዕሎቹን ከግድግዳው ላይ አላቅቆ ወሰደ፤ በምትካቸውም ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣላቸው ቅጂዎች ተለጠፉ። የጥንቶቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ፍሬስኮ ቢሆኑ ኖሮ እንዲህ በቀላሉ ተነሥተው አይሄዱም ነበር። ሥዕሎቹ ሊጠፉ ተቃርበው ነበር የሚል ክርክር ይሰማል፤ እኔ ግን ለሚጎዳ ሥዕል የመጀመሪያ መድኃኒቱ ጣራውን መጠገን ነው እላለሁ።

ይህ የእኔ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የግድግዳ ሥዕል ዋና ጠላቱ ውሃ ነውና አስቀድሞ ጣራው፥ ቀጥሎ ግድግዳው፥ በመጨረሻ ሥዕሉ ይጠገናል። የላቀቀው ጨርቅ በሙጫ ይመለሳል፤ የጠፋው ቦታም አሮጌው ሳይነካ ብቻውን ይሞላል። በማጽዳትም ቢሆን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ከ1980 ጀምሮ የሲስቲና ጣራ ከሻማ ጥላሸት በጸዳ ጊዜ ደማቅ ቀለሞች ብቅ ቢሉም፥ የሚኬላንጄሎ የራሱ እጅ አብሮ ተጠርጓል ብለው የተከራከሩ ሊቃውንት ነበሩ።

እኔ ባየሁት በአንድ ቤተ ክርስቲያን (ስሙን አልጠራም) በአሮጌው ሥዕል ላይ የሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ተደርቦበታል። የቀደመውን ማየት የሚቻለው አዲሱ ቀለም በተላጠበት በአንድ ጥግ ብቻ ነው።