ስለ ባቡር መጨናነቅና ስለ ሥራ መግቢያ ሰዓት



በወገዳ የበዓል ዋዜማ ሲሆን የወፍጮ ቤቱ ወረፋ እስከ መንገድ ይደርሳል። እናቴ ግን እህሏን አስቀድማ ስለምታስፈጭ ሳትጋፋ ትመለሳለች። ወፍጮው ያው ነው፤ የተለየው ቀኑ ብቻ ነው። ባቡር በማይደርስበት በስማዳ ተቀምጬ ስለ ባቡር እንድጽፍ ያነሣሣኝ ይህ ነገርና ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ እኅቴ ዘንድ ሰንብቼ ያየሁት ነው። ጧት ሠራተኛው ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ጣቢያ ይጎርፋል፤ ረፋዱ ላይ ግን መቀመጫ ይገኛል።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሥራ የጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ሲሠራ ሁለት መሥመሮች ተዘረጉለት፤ አንደኛው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፤ ሁለተኛው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ፤ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። ሁለቱ መሥመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ በአንድ ሐዲድ እንዲሄዱ ሆነው ስለተሠሩ፤ በዚያ ላይ ባቡር እንደ ልብ መጨመር አይቻልም፤ የኋለኛው ባቡር የፊተኛው እስኪርቅ መጠበቅ አለበትና። ከተገዙት 41 ባቡሮችም ብዙዎቹ በኋለኞቹ ዓመታት በመለዋወጫ እጦት ቆመው ነበር።

ስለዚህ ባቡሮችን ከመጠገን ሌላ መንገደኛውን በየሰዓቱ ማከፋፈል ያስፈልጋል። ይህም በሁለት መንገድ ይደረጋል።

1ኛ፤ በዋጋ ነው። በለንደን ሕዝብ በሚበዛበት ሰዓት የሚሳፈር ሰው የበለጠ ይከፍላል። ሲንጋፖር ደግሞ በ2005 ዓ.ም. በሥራ ቀን ማልዶ ተጉዞ ከጧቱ 1፡45 በፊት በመሐል ከተማ በተመረጡ ጣቢያዎች የሚወርደውን መንገደኛ በነጻ ማሳፈር ጀመረች፤ ከመቶው 7 ያህሉም ሰዓቱን ለወጠ።

2ኛ፤ መሥሪያ ቤቶችና ትምህርት ቤቶች የመግቢያ ሰዓታቸውን እንዲለያዩ ማድረግ ነው።

እኔ በበኩሌ ሁለተኛውን አስቀድማለሁ። እኅቴ በአንድ ልብስ መስፊያ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። ከጧቱ 2 ሰዓት ካለፈባት ደመወዟ ይቆረጣል፤ ማልዳ ብትሄድም በሩ እስኪከፈት ደጅ ትቆማለች። ዋጋ ቢጨመርባት ከእንጀራዋ ቀንሳ ትከፍላለች እንጂ ሰዓቷን መለወጥ አትችልም። እናቴ የምታስፈጭበትን ቀን የምትመርጠው ራሷ ናት፤ የእኅቴን ሰዓት የሚወስነው ግን አሠሪዋ ነው። እንግዲህ መለወጥ የሚችለውን ትቶ የማይችለውን ማስከፈል ፍርድ አይሆንም።

ከእኛም መካከል ነገ አሠሪዎችና ሹማምንት የሚሆኑ አይጠፉም። ያን ጊዜ የሥራ መግቢያ ሰዓት ስንወስን በጣቢያ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው እናስብ።