ውሃ ብቻውን ለምን አይበቃም?

ተቅማጥ የያዘው ሰው ውሃ ካለቀበት ውሃ መስጠት ነዋ! ቀላል ሒሳብ ይመስላል አይደል? ችግሩ፣ ከሰውነቱ የወጣው ውሃ ብቻ አይደለም። ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሎራይድና ባይካርቦኔትም አብረው ሄደዋል። ኤሌክትሮላይት የምንላቸው እነዚህን ነው። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው፣ ልብም ምቱን የሚጠብቀው በእነሱ ነው።

ኮሌራን እንውሰድ። በጣም የጸናበት ትልቅ ሰው በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። ዓይኑ ይጎደጉዳል፣ ሽንቱ ይጠፋል፣ ቆዳው ቆንጠጥ ተደርጎ ሲለቀቅ ቶሎ አይመለስም። ይህ ሰው ተራ ውሃ ብቻ በብዛት ቢጠጣ በደሙ የቀረው ሶዲየም ይቀጥናል። ያን ጊዜ ውሃው የተሟሟ ነገር ወደሚበዛበት፣ ማለትም ወደ ሕዋሶቹ ውስጥ ይገባና ያሳብጣቸዋል። ሌላው አካል ቢያብጥ ቦታ አያጣም፤ አንጎል ግን በራስ ቅል ታጥሮ የት ይሄዳል? ራስ ምታትና መደናገር፣ ሲብስም ማንቀጥቀጥ ይከተላል።

እሺ፣ ጨው እንጨምርበት? ጨው ብቻውንም ብዙ አይረዳም። የኮሌራ መርዝ ሶዲየም ወደ አንጀት ሕዋስ የሚገባበትን ዋናውን መንገድ ያዳክመዋል። ደግነቱ ሌላ በር አለ። በትንሹ አንጀት ግድግዳ ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ሁለት ሶዲየምና አንድ ግሉኮስ አንድ ላይ ካላገኘ አያሳልፍም፤ ሁለቱ ከመጡለት ግን ያስገባቸዋል፣ ውሃውም ይከተላቸዋል። ኮሌራ ይህን በር አይነካውም! ሶዲየምና ግሉኮስ ተያይዘው እንደሚገቡ ሮበርት ክሬን የተባለው ሳይንቲስት ሐሳቡን ያቀረበው በ1960 (እ.ኤ.አ.) ፕራግ ላይ ነበር።

ነገሩ በትልቁ የተፈተነው በ1971 በባንግላዲሽ ጦርነት ጊዜ ነው። ሕንድ ድንበር ላይ ባንጋዎን በሚባል ቦታ ስደተኞች በኮሌራ ይረግፉ ነበር፤ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽም እያለቀ ነው። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ግሉኮስ፣ የገበታ ጨውና ሶዲየም ባይካርቦኔት በውሃ በጥብጦ በአፍ እንዲጠጡት አደረገ። 30 በመቶ ገደማ የነበረው ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ። ያውም ብዙዎቹን ያጠጧቸው የነበሩት የገዛ ቤተሰቦቻቸው ናቸው።

ዛሬ ኦአርኤስ የምንለው ዱቄት የዚያ ውጤት ነው። የአሁኑ ፖታሲየምም አለው፤ የሶዲየሙና የግሉኮሱ መጠን ደግሞ እኩል ለእኩል ነው፣ በሊትር 75 ሚሊሞል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ ‹‹በ1 ሊትር›› ከተባለ በ1 ሊትር ነው። ‹‹ወፈር ይበልለት›› ብሎ በግማሽ ሊትር መበጥበጥ ሶዲየሙን ያለ ልክ ያበዛዋል። ለስላሳ መጠጥም አይተካውም፤ ስኳሩ ስለሚበዛ ውሃን ከሰውነት ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያብሰዋል።

መጠጣት ያቃተው ወይም ራሱን የሳተ በሽተኛ ግን ወዲያው ጤና ተቋም ገብቶ በደም ሥር ፈሳሽ ማግኘት አለበት። እኛ ሰፈር ‹‹ጉሉኮስ ተሰካለት›› ይባላል። ለድርቀት ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ሪንገር ላክቴት የሚባለው ፈሳሽ ግን ግሉኮስ የሚባል ነገር የለውም፤ ውስጡ ያሉት ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ካልሲየም፣ ክሎራይድና ላክቴት ናቸው።