ማሊያው ሦስት ብቻ ነው

ወረታ ላይ አንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ የሩጫ ስኮላርሺፕ ማግኘቷ በተሰማ ሰሞን፣ ከቤተሰቧ ውጭ “እንኳን ደስ ያለሽ” ያላት ሰው ጥቂት ነበር። ቡና ላይ የተቀመጡ የስፖርት ወዳጆች አሠልጣኟን አስቁመው “መምህር፣ ልጅቷን ለፈረንጅ አስረከባችኋት አይደል?” አሉት። ስለ ውጤቷም ስለ ሰዓቷም የጠየቀ የለም። ጠዋት ጠዋት ስትሮጥ “በርቺ ልጄ” ሲሏት የኖሩ አንድ አባት ደግሞ መናኸሪያው አጠገብ አግኝተዋት “አንቺም ከዳሽን?” አሏት። ልጅቷ ገና አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ለማን ምን ቃል ገብታ እንዳፈረሰች የነገራት ሰው ግን አልነበረም።

ወጣት ሯጮችን የሚያሠለጥን ሰው ይህን ወቀሳ በየጊዜው ይሰማል፤ ያንኑ መልስም በየጊዜው ይደግማል፤ መድገሙም ያደክመዋል። ኮሌጅ መምረጥ ዜግነት መቀየር አይደለም። ሁለቱ በሕግም በአሠራርም የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ተመልካቹ ግን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ቁጣውንም ምንም ባላደረገ ልጅ ላይ ያወርዳል።

ስሕተቱ ከየት እንደመጣ ግልጽ ነው። ዘነበች ቶላ፣ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ ለባህሬን ስትሮጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ኦሳካ ላይ፣ በ2009 ደግሞ በርሊን ላይ በ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። አበባ አረጋዊ በ2012 የለንደን ኦሊምፒክ የኢትዮጵያን ማሊያ ለብሳ ሮጣ፣ በዓመቱ ሞስኮ ላይ በዚያው ርቀት ለስዊድን ወርቅ ወሰደች። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን ከትዕግሥት አሰፋ ጋር ተጋፍታ ማራቶኑን በ3 ሰከንድ ልዩነት አሸነፈች፤ የኢትዮጵያ አቤቱታም ውድቅ ሆነ። ያን ቀን ያልተቃጠለ የሩጫ ወዳጅ አይገኝም። ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም።

ነገር ግን ከሦስቱ አንዳቸውም የወጡት በአሜሪካ ኮሌጅ በር አይደለም። ሲፋን እ.ኤ.አ. በ2008 ከአገር ስትወጣ የ15 ዓመት ስደተኛ ነበረች፤ ሩጫን በወጉ የያዘችውም ኔዘርላንድስ ገብታ ነርስነት እየተማረች ሳለ ነው። ደግሞም ዛሬ ሕጉ ያኔ እንደነበረው አይደለም። የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በየካቲት 2017 የአገር ዝውውርን ጨርሶ አግዶ፣ በ2018 አዲስ ደንብ አወጣ፦ ማንም አትሌት 20 ዓመት ሳይሞላው አገር መቀየር አይችልም፤ ከቀየረም ሦስት ዓመት ይጠብቃል፤ መቀየር የሚፈቀደውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የ18 ዓመቷ የወረታ ልጅ ብትፈልግ እንኳ ለሌላ አገር መሮጥ አትችልም። አልፈለገችምም።

ጎረቤት ኬንያ ይህን ጉዳይ ከ40 ዓመት በፊት አልፋዋለች። ሄንሪ ሮኖ የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሰበረ፦ የ3,000፣ የ5,000 እና የ10,000 ሜትር፣ እንዲሁም የ3,000 ሜትር መሰናክል። በዚያው ዓመት በኤድመንተን የኮመንዌልዝ ጨዋታ ሁለት ወርቅ ያመጣው ለኬንያ ነው። በ1988 የሴኡል ኦሊምፒክ ኬንያ የ800 ሜትሩን ወርቅ በፖል ኤሬንግ፣ የ1,500ውን በፒተር ሮኖ አገኘች፤ ሁለቱም ያኔ በአሜሪካ ኮሌጅ የሚማሩ ልጆች ነበሩ። ሳሊ ኪፕዬጎ በቴክሳስ ቴክ ነርስነት ተምራ፣ በ2012 ለንደን ላይ በ10,000 ሜትር ጥሩነሽ ዲባባን ተከትላ ለኬንያ ብር ወሰደች። አሜሪካዊት የሆነችው ከዚያ አምስት ዓመት ቆይታ፣ ከ30 ዓመቷ በኋላ አስባበት ነው። እንዲያ ያለውን የአዋቂ ውሳኔ መተቸት የሚሻ ይተች። የ12ኛ ክፍል ተማሪን ግን ገና ላልወሰነችው ነገር አስቀድሞ መርገም ግፍ ነው።

“እዚሁ ብትቀር ለባንዲራዋ ትሮጥ ነበር” የሚለውም ሒሳቡ አይሠራም። በኦሊምፒክ አንድ አገር በአንድ የሩጫ ዓይነት ቢበዛ ሦስት ሰው ነው የሚያሰልፈው። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ ለእነዚያ ሦስት ቦታዎች የሚታገለው ሯጭ ከቦታው እጅግ ይበዛል፤ በሌላ አገር ቢሆን ቡድኑን ሊመራ የሚችል ሰው እዚህ አራተኛ ወጥቶ ቤቱ ይቀራል። ከየወረዳው አዲስ አበባ ወዳሉት ክለቦች ከሚሄዱት ልጆች አብዛኞቹ ብሔራዊ ማሊያውን ሳይለብሱ፣ ጅማታቸው ወይም የእግራቸው አጥንት ተጎድቶ፣ ያለ ትምህርት ማስረጃ ይመለሳሉ። ሲመለሱ ቡና ላይ ተቀምጦ የሚጠብቃቸው ደጋፊ የለም።

ልጅቷ በትምህርቷ የያዘችውም ውጤት ቀላል አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ናቸው። እንዲህ በሆነበት ዘመን በቀን ሁለት ጊዜ እየተለማመደች የትምህርት ውጤቷን የጠበቀች ልጅ ከተማው ሊያከብራት ይገባ ነበር። የኮሌጁ በር ደግሞ ሲጠብቅ አይኖርም። ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ የቆየ አትሌት ከመወዳደሪያ ዘመኑ ሊያጣ ይችላል፤ ክለብ ገብቶ የጎዳና ሩጫ ሽልማት የተቀበለም ብቁነቱ ሊያጠያይቅ ይችላል። “መጀመሪያ ለክለብ ትሩጥ፣ በኋላ ትማር” የሚል ምክር የሚሰጥ ሰው በሩን እየዘጋባት መሆኑን አያውቅም።

ኮሌጁ እንከን የለውም ማለት አይደለም። የአሜሪካ የኮሌጅ ሯጭ በመጸው አገር አቋራጭ፣ በክረምታቸው የቤት ውስጥ፣ በጸደይ የመም ውድድር አለበት። ለነጥብ ሲል ከውጭ የመጣን ልጅ ያለ ዕረፍት የሚያሮጥ አሠልጣኝ አይጠፋም። ስኮላርሺፑም ብዙ ጊዜ በየዓመቱ የሚታደስ ነው። ስለዚህ ለልጅቷ በእውነት የሚያስብ ሰው የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ በዓመት ስንት ጊዜ ትወዳደራለች? ብትጎዳ ክፍያው ይቀጥላል? ምን ትማራለች? በአሜሪካ የበጋ ዕረፍት መጥታ ለአገር ውስጥ ውድድር መሰለፍ ትችላለች? እነዚህን ወላጆቿ ጠይቀዋል። “ከዳሽን” ካሏት ሰዎች አንዱም አልጠየቀም።

ደጋፊው በልጆቹ ዕጣ ድምፅ ሊኖረው ከፈለገ የሚጀምርበት ቦታ ቅርብ ነው። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ ሲጥለቀለቅ፣ የወረታ ሯጮች የሚለማመዱት በባሕር ዳር–ጎንደር አስፋልት ዳር፣ የጭነት መኪና እየሸሹ ነው። ውኃ የማይተኛበት፣ ከመኪና የራቀ የአፈር መሮጫ ይፈልጋሉ። ወደ ደብረ ታቦር ከፍታ ወጥተው የሚለማመዱበት የትራንስፖርት ገንዘብ ይፈልጋሉ። ለእነዚህ ደጋፊው ከተማ አስተዳደሩን ይጠይቅ፤ ሲጠይቅም ጎኑ የሚቆም አሠልጣኝ አያጣም።