ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? የደህንነት ፖሊሲ ተንታኝ ሙያ ከይፋግ ሲታይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚጓዝ መኪና ወረታን አልፎ አዲስ ዘመን ከመድረሱ በፊት ይፋግን ያገኛል። ዛሬ አብዛኛው ተሳፋሪ በመስኮት አይቶ የሚያልፋት ከተማ ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን በበጌምድር ከታወቁት ገበያዎች አንዷ፣ ሲራራ ነጋዴም ቆሞ ቀረጥ የሚከፍልባት በር ነበረች። ቀረጥ ተቀባይ ደግሞ ከቀረጡ ጋር ወሬም ይሰበስባል። ዘንድሮ ከጎጃም የሚመጣው ጭነት ለምን ሳሳ? የበቅሎ ዋጋ በሁለት ገበያ ውስጥ ለምን ወጣ? እህሉን በጅምላ የሚገዛው ማነው? ጦር ከመንቀሳቀሱ በፊት የሚወደደው ስንቅና አጋሰስ ነውና፣ እነዚህን አገጣጥሞ «በዚህ በጋ ዘመቻ ሳይኖር አይቀርም» ብሎ ለጌታው የሚልክ ሰው፣ ዛሬ የብሔራዊ ደህንነትና የመከላከያ ፖሊሲ ተንታኝ የሚባለውን ባለሙያ ሥራ ሠርቷል።

ይህ ባለሙያ ከጎረቤቶቹ ጋር በቀላሉ ይምታታል። ሰላይ አይደለም፤ ምስጢር መፈለግ በአዋጅ ቁጥር 804/2005 እንደገና የተቋቋመው የብሔራዊ መረጃና ደህንነት አገልግሎት ድርሻ ነው። ወታደር ሊሆን ይችላል፤ መሆን ግን የለበትም። በየዩቲዩቡ «ተንታኝ» ተብሎ የሚቀርበውም ሌላ ነው። ያኛው በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ተመልካች ማሳመን አለበት፤ የእኛ ሰው አንባቢዎች አንዳንዴ አምስት አይሞሉም፣ እነሱም ጊዜ የላቸውም። ስለዚህ ሁለት ገጽ ይጽፋል፦ ምን እየሆነ ነው፣ ለምን፣ ቀጥሎ ምን ሊመጣ ይችላል፣ ምን አማራጭ አለን።

ምኑ ነው ደህንነት የሚባለው? ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት ካበቃ ከሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ፣ በኅዳር 1995 የታተመው የውጭ ጉዳይና የብሔራዊ ደህንነት ፖሊሲና ስትራቴጂ ያልተጠበቀ መልስ ሰጥቷል። ሰነዱ ከጠላት ዝርዝር አልጀመረም። የአገሪቱ ዋነኛ ስጋት ድህነት፣ ኋላ ቀርነትና የመልካም አስተዳደር እጦት ነው ብሎ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ማየት ይገባል አለ፤ ዙሪያችንን ተከብበናል የሚለውን የቆየ ስሜትም ነቀፈ። ሰነዱን ያወጣው መንግሥት የጻፈውን ምን ያህል ኖረበት የሚለው ራሱን የቻለ ክርክር ነው። ለሙያው ግን ትልቅ በር ከፈተ፦ የማዳበሪያ ዋጋም፣ የወረዳ ፍርድ ቤትም፣ ወረርሽኝም የተንታኙ ጉዳይ ሆኑ።

ወረርሽኝ ካልን ዘንድ ከይፋግ መራቅ አያስፈልግም። ይፋግ ባለችበት በሊቦ ከምከም ወረዳ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሰዎች በማይለቅ ትኩሳት መታመም ጀመሩ። ሰውነታቸው ይከሳል፣ ሆዳቸው ይነፋል፣ ጣፊያቸው ያብጣል። የፎገራ ሜዳ ዳር የወባ አገር ነው፤ ትኩሳት ሲታይ የሚታሰበውም ወባ ነው። የወባ መድኃኒት ተሰጠ፤ ሕመሙ አልበረደም። ያኔ የተደረሰበት መደምደሚያ «ወባው መድኃኒት ለምዷል» የሚል ሆነ። ሰው ይሞት ነበር። በ1997 በድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን ተሳትፎ ምርመራ ሲደረግ በሽታው ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ካላዛር የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ነው ተብሎ ይታወቅ ነበር እንጂ እዚህ ደጋ ጫፍ ይጠበቃል ያለ አልነበረም። ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደው የተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳያመጡት አይቀሩም የሚል ግምት ቀረበ። ቀጥሎ የተደረጉ ጥናቶችም ቀን ግራር ሥር፣ ሌሊት ደግሞ ከቤት ውጭ መተኛት ለአሸዋ ዝንብ፣ በእሷም ለበሽታው እንደሚያጋልጥ አሳዩ።

ይህን ታሪክ ለጀማሪ ተንታኝ የማስተምር ብሆን ከማንኛውም የጦርነት ታሪክ አስቀድመው ነበር። ምልክቱ ከመጀመሪያው ነበር፣ አልተደበቀም፣ ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይም ሰፍሯል። የጎደለው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይኸው ምልክት ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል? «መድኃኒት የለመደ ወባ» አሮጌውን ማብራሪያ ሳይጥሉ አዲሱን ማስረጃ የማስተናገጃ ብልሃት ነበር። የደህንነት ትንተናም የሚወድቀው በብዛት እዚሁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የእስራኤል ወታደራዊ መረጃ የግብፅ ጦር ስዊዝ ዳር ሲከማች እያየ «ልምምድ ነው» ያለው መረጃ አጥቶ አይደለም፤ ግብፅ የእስራኤልን አየር ኃይል የሚመክት አቅም ሳትይዝ አትዋጋም የሚል እምነት ስለነበረው ነው። ሪቻርድስ ሆየር የተባለው የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ባልደረባ ለዚህ ያዘጋጀው ዘዴ ቀላል ነው። ማብራሪያዎቹን ሁሉ በአንድ ሠንጠረዥ ትደረድራለህ፤ ማስረጃውን በየተራ ታመጣለህ፤ የምትፈልገው ግን ማብራሪያህን የሚደግፈውን ሳይሆን የሚያፈርሰውን ነው። ትኩሳት ወባንም ካላዛርንም ይደግፋል፤ ስለዚህ ዋጋ የለውም። የወባ መድኃኒት የወሰደ ሰው አለመዳኑ ግን ይለያል።

ማስረጃውስ ከየት ይመጣል? ብዙው ከአደባባይ ነው። ጋዜጣ፣ የበጀት ሰነድ፣ የገበያ ዋጋ፣ የፍርድ ቤት መዝገብ፣ የስቶክሆልሙ የሰላም ጥናት ተቋም በየዓመቱ የሚያወጣው የአገሮች የመከላከያ ወጪ። ከላይ ደግሞ ሳተላይት አለ። የአውሮፓ ሴንቲኔል ሳተላይቶች ምስል ለማንም በነፃ ይታደላል፤ በራዳር የሚሠራው ዓይነት የክረምት ደመና አያግደውም። በሐምሌ 2012 የህዳሴው ግድብ ሐይቅ እየሰፋ መሄዱን ዓለም ያወቀው ከመግለጫ በፊት ከእነዚህ ምስሎች ነው። ወዲያው ሁለት ንባብ ወጣ፦ አንዱ «ሙሌት ተጀምሯል» አለ፤ ሌላው «የክረምቱ ዝናብ ያጠራቀመው ነው» አለ። ምስሉ ያው አንድ ምስል ነበር። ከቀናት በኋላ፣ ሐምሌ 14፣ የመጀመሪያው ዓመት ሙሌት መጠናቀቁ ተነገረ፤ መጠኑም 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ። ሳተላይት የውሃውን ስፋት ያሳያል፤ የሰውን ሐሳብ አያሳይም።

ለዚህም ነው መሬት ላይ ሰው የሚያስፈልገው። በጥር 1994 በተፈረመ ፕሮቶኮል የተቋቋመው፣ መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የኢጋድ የግጭት ቅድመ ማስጠንቀቂያና ምላሽ ሥርዓት ሥራውን የጀመረው በአርብቶ አደሮች ድንበር ነው፤ ካራሞጃ አንዱ ነበር። በየአካባቢው ያሉ ታዛቢዎች በየሳምንቱ ቅጽ ይሞላሉ። ቅጹ ስለ ጥይትና ስለ ከብት ዝርፊያ ብቻ አይጠይቅም፤ ግጦሽና ውሃ እንዴት ነው፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል መጋባትና ስጦታ መሰጣጣት አለ ወይ ይላል። የጋብቻ መቆም ከተኩስ ቀድሞ የሚታይ ምልክት መሆኑን አገር ሽማግሌ ያውቀዋል። መሬት ላይ ያለው ሰው ሲጠፋ ደግሞ ሙያው ይታወራል። ከሐምሌ 2015 ወዲህ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ፣ መንገድ በተዘጋባቸውና የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት፣ አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ከሁለቱ ወገን መግለጫ ሌላ የሚይዘው ነገር ጥቂት ነበር። በዚያ ወቅት በሙሉ እርግጠኝነት የተጻፈ ጽሑፍ ሲገጥመኝ እጠራጠራለሁ።

የመከላከያው ፖሊሲ ወገን ትንሽ ይለያል። እዚያ ጥያቄው «ምን ይመጣል?» ብቻ ሳይሆን «ምን እንግዛ፣ ስንት ሠራዊት እናቁም፣ ከየት አምጥተን?» ነው። ጥሩ ምሳሌ የባሕር ኃይላችን ነው። ኤርትራ ከተለየች በኋላ ፈረሰ፤ በ2010 መልሶ እንደሚቋቋም ተነገረ፤ በ2011 ከፈረንሳይ ጋር ስምምነት ተፈረመ። ተንታኙ እንደ ዜጋ ደስ ሊለው ወይም ሊከፋው ይችላል፤ እንደ ባለሙያ ግን ይጠይቃል። መርከቡ የት ይቆማል? የማን ሕግ ይገዛዋል? የንግድ መርከቦቻችንን ከምን ይጠብቃል? በዚያው ገንዘብ ምን ይታጣል? ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የባሕር በር የመግባቢያ ሰነድ ሲወጣ፣ ሞቃዲሾ፣ ካይሮና አንካራ ምን ያደርጋሉ የሚለውን አስቀድሞ በየተራ ማሰብ የዚህ ሰው ሥራ ነበር። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ታኅሣሥ 2 ቀን 2017 ከሶማሊያ ጋር በተደረሰው የአንካራ መግለጫ ላይ አረፈ።

ስህተት ምን እንደሚያስከፍል ለማወቅ ዓድዋን መመልከት ይበቃል። የካቲት 1888 የጣልያን ጦር አዛዥ ባራቲየሪ ለጄኔራሎቹ ያደለው ንድፍ ካርታ የእንዳ ኪዳነ ምሕረትን ኮረብታ በተሳሳተ ቦታ አስቀምጦ ነበር። ከጄኔራሎቹ አንዱ አልበርቶኔ እውነተኛውን ስም ተከትሎ ርቆ ሄደ፤ ብርጌዱም ከሌሎቹ ተነጥሎ ከኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ገባ። ድሉን ካርታው አመጣው ማለቴ አይደለም፤ ባራቲየሪን ግን ቢሮ ውስጥ የተሠራ ስህተት ሜዳ ላይ ጠበቀው። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ገደማ አስቀድሞ እንግሊዞች ወደ መቅደላ ሲዘጋጁ፣ በጦር ሚኒስቴራቸው የመልክዓ ምድር ክፍል ሌተናል ኮሎኔል ኩክ ወደ ሐበሻ የገቡ መንገደኞችን ማስታወሻ አሰባስቦ የመንገዶች መጽሐፍ አዘጋጅቶ ነበር። መንገደኞቹ በየገበያው የጻፉት ሁሉ፣ ውሃው የት ነው፣ ዳገቱ ስንት ሰዓት ይፈጃል የሚለው፣ ለጦር ዕቅድ ዋለ። ምስጢር የሚባል ነገር ብዙም አልነበረበትም።

አሁን ወደ አጻጻፉ እንምጣ፤ እኛ ዘንድ ደካማው ጎን ይህ ይመስለኛል። ሸርማን ኬንት የተባለ የታሪክ ፕሮፌሰር ለአሜሪካ መንግሥት ትንበያ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ቡድኑ በዩጎዝላቪያ ላይ ወረራ የመፈጸሙን ዕድል በቀላሉ የማይታይ አድርጎ ጻፈ። አንድ የውጭ ጉዳይ ባለሥልጣን «ስንት ከስንት ማለታችሁ ነው?» ሲለው ኬንት «65 ከ35» አለ። ሰውዬው ደነገጠ፤ እሱ የገባው ከዚያ በጣም ያነሰ ነበር። ኬንት ዞሮ የራሱን ቡድን ቢጠይቅ አንዱ 20 በመቶ፣ ሌላው 80 በመቶ አሰበ። ሁሉም ግን በአንድ ጽሑፍ ተስማምተው ፈርመዋል። የእኛ ቢሮዎች «ሁኔታው ልዩ ትኩረት ይሻል» የሚል ዓረፍተ ነገር አላቸው። ነገሩ ቢከሰትም ባይከሰትም ጸሐፊው አይጠየቅበትም፤ ስለዚህ ይወደዳል። ቁጥር የጻፈ ሰው ግን ይያዛል።

ወደ ሙያው የሚገባው መንገድ አንድ አይደለም። በሚሌኒየሙ ሰሞን የተመሠረተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደህንነት ጥናት ተቋም ብዙዎችን አስተምሯል። የውጭ ጉዳይ ኢንስቲትዩት፣ የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ፣ የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ደህንነት ምክር ቤት ጽሕፈት ቤት፣ ኢጋድ፣ የግል ጥናት ተቋማት ይቀጥራሉ። ፖለቲካ ሳይንስ የተማረ ብቻ ሳይሆን ኢኮኖሚስት፣ ሐይድሮሎጂስት፣ ጡረታ የወጣ መኮንንም ይገባል። ማስታወቂያው ላይ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ ይጠየቃል። ዓረብኛ፣ ሶማልኛና ስዋሂሊ ግን ብርቅ ናቸው፤ ካይሮን በእንግሊዝኛ ትርጉም ብቻ የሚያነብ የዓባይ ተንታኝ ግማሽ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሠራ ነው።

የሙያው ትልቁ አደባባይ ከይፋግ ሩቅ አይደለም። ከሚያዝያ 2004 ጀምሮ ባሕር ዳር ላይ የጣና ከፍተኛ የደህንነት ፎረም ይካሄዳል። የናይጄሪያው ኦባሳንጆ ለዓመታት ሰብሳቢ ነበሩ፤ መሪዎችና ተመራማሪዎች ክራቫት ፈትተው በነፃነት እንዲወያዩ የታሰበ ነው። በሚያዝያ 2011 መጨረሻ አጀንዳው በአፍሪካ ቀንድ የሚታየው አዲስ የሰላም አዝማሚያ ነበር። ሰባት ሳምንት ሳይሞላ፣ ሰኔ 15፣ በዚያው ከተማ የክልሉ ርዕሰ መስተዳድር ዶክተር አምባቸው መኮንንና ባልደረቦቻቸው፣ አዲስ አበባ ደግሞ ኤታ ማዦር ሹሙ ጄኔራል ሰዓረ መኮንን ተገደሉ። አሥረኛው ፎረም በጥቅምት 2015 ሲሰበሰብም የሰሜኑ ጦርነት አልቆመም ነበር፤ የፕሪቶሪያው ስምምነት የተፈረመው በዚያው ወር 23 ነው። ይህን የማነሳው ተሰብሳቢዎቹን ለመንቀፍ አይደለም። ዓይን ሁሉ ክፍለ አህጉሩ ላይ ሲያርፍ፣ የስብሰባው አዳራሽ ያለበትን ከተማ የሚያይ ማን እንደሆነ መጠየቅ ግን ያስፈልጋል።

ተንታኞች በአጠቃላይ ምን ያህል ይሳካላቸዋል? ፊሊፕ ቴትሎክ የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር 284 የፖለቲካ ባለሙያዎች የሰጡትን ትንበያ ለሃያ ዓመታት ገደማ መዝግቦ ቢመረምር፣ አማካዩ በዘፈቀደ ከመገመት ብዙም አልተሻለም፤ በመገናኛ ብዙኃን ስማቸው የገነነው ደግሞ ባሱ። የተሻሉት ሐሳባቸውን በየጊዜው የሚያርሙት ነበሩ። ስለዚህ ዲግሪ ከሚቆጥር ቀጣሪ ይልቅ ቀን የተጻፈበት ደብተር የሚጠይቅ ቀጣሪ የተሻለ ሰው ያገኛል። አንድ የይፋግ ወጣት ዛሬውኑ ሊጀምር ይችላል፦ የፎገራ ሩዝ በጥር ስንት ይሸጣል፣ የወረታና የአዲስ ዘመን መንገድ በሚቀጥለው ወር ስንት ቀን ይዘጋል፣ የርብ ወንዝ ክረምቱን ከዳር ይወጣል ወይ፣ ወደ መተማ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ካምናው ይበልጣል ወይስ ያንሳል። ከእያንዳንዱ ጎን በመቶኛ ግምቱን፣ ከሥሩም ግምቱን የሚያስለውጠው ምን ዓይነት ወሬ እንደሆነ ይጻፍ።