በቀልድ ወጥመድ ውስጥ የተገኘ እውነተኛ ፍቅር

እንግሊዛዊው ኮሜዲያን ሳሻ ባሮን ኮኸን በ2006 (እ.ኤ.አ.) ያወጣውን «ቦራት» የተሰኘ ፊልም ተከታይ ክፍል በጥቅምት 2020 (እ.ኤ.አ.) በአማዞን ፕራይም አቀረበ። የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የካዛኪስታን ጋዜጠኛ መስሎ ይቀርባል፤ ሰዎች እውነት መስሏቸው የልባቸውን ያወራሉ፤ አንዳንዴም በስውር ካሜራ ይቀረጻሉ። በዚህ መንገድ ፊልሙ በአሜሪካ ፖለቲካ፣ በኮሮና ዘመን አሉባልታና በአይሁድ ጥላቻ ላይ ይሳለቃል። ጸያፍ ትዕይንት ስለሚበዛበት ግን ከልጆች ጋር የሚታይ አይደለም።

ከተታለሉት መካከል አንዲት ሴት ለየት ትላለች። በኦክላሆማ የምትኖር የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አባል ናት። ለዘጋቢ ፊልም ነው ተብላ የቦራትን «ልጅ» በሞግዚትነት ጠበቀች። ልጅቷ ለሽማግሌ ልትሰጥ መሆኑን ስትሰማ አልሳቀችባትም፤ እንደ እናት መከረቻት። የተጨነቀችላት ልጅ ቡልጋሪያዊት ተዋናይት ማሪያ ባካሎቫ መሆኗን ያወቀችው በኋላ ነው። ኮኸንም ለሴትየዋ ማኅበረሰብ መርጃ 100,000 ዶላር ሰጠ።

ስጦታው ማታለሉን ትክክል አያደርገውም። ነገር ግን ወገኖች ሆይ፣ ብዙዎች ሳያውቁ ጥላቻቸውን ባወጡበት ፊልም ውስጥ የእርሷ ርኅራኄ ወጣ። እኛስ ባልተዘጋጀንበት ሰዓት ብንቀረጽ ምን ይታይብን ይሆን?