በእጅ ስልክ ስለሚታየው ተንቀሳቃሽ ሥዕልና ስለ ዋጋው
(ለዲላና ለጌዴኦ ቤተሰቦች የሚጠቅም ሐሳብ)

ሥልጣኔ ወደ አንድ አገር በገባ ጊዜ አስቀድሞ ዓይንን ያስደንቃል፤ ቀጥሎም ኪስን ይጠይቃል። በአዲስ አበባ ሲኒማ በተጀመረበት ዘመን ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት የሰይጣን ቤት እያለ ይሸሸው ነበር፤ ውሎ አድሮ ግን ገንዘብ እየከፈለ ይገባበት ጀመር። በ1957 ዓ.ም. ቴሌቪዥን መጣ፤ በ1991 ዓ.ም. የሞባይል ስልክ ተከተለ። ዛሬ ሲኒማው በእያንዳንዱ ሰው መዳፍ ላይ ስላለ፥ የቤቱ አባትና እናት ሦስት ነገር ሊጠይቁ ይገባቸዋል፤ ይኸውም የምናየው በስንት ዋጋ ነው? በማን ቋንቋ ነው? ገንዘቡስ ለማን ይደርሳል? የሚል ነው።

ዲላ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የጌዴኦ ዞን ዋና ከተማ ናት። የይርጋ ጨፌ ቡና የሚበቅልበት፥ እንሰትና ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር አብረው የሚለሙበት ይህ አገር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በ1988 ዓ.ም. በኮሌጅነት የተጀመረው የዲላ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ይገኛል። እንግዲህ የሚታይ ነገርም፥ የተማረ ወጣትም ያለው አገር የራሱን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ሠርቶ በስልክ ቢሸጥ የሚያስደንቅ አይሆንም።

የአሠራሩም ነገር እንደሚከተለው ነው። ፊልሙ እንዳለ በአንድ ጊዜ አይላክም፤ ጥቂት ሰከንድ በሚፈጁ ክፍሎች ይቆራረጣል፤ እያንዳንዱም ክፍል በሦስት ወይም በአራት ልክ ይዘጋጃል። ስልኩም መስመሩ ሲበረታ ጥራት ያለውን፥ ሲደክም ቀላሉን እየመረጠ ይቀበላል። በዚህ ላይ ሒሳቡን ማወቅ ያስፈልጋል፤ በሰከንድ አንድ ሜጋቢት የሚፈጅ ቪዲዮ በአንድ ሰዓት 450 ሜጋባይት ይበላል፤ ወደ 300 ኪሎቢት ዝቅ ቢል ግን 135 ሜጋባይት ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ተመልካቹ ለፊልሙ ብቻ ሳይሆን ለዳታውም ሁለተኛ ዋጋ እንደሚከፍል አገልግሎቱን የሚያቋቁም ሰው ሊዘነጋው አይገባም። መስመር ባለበት ስፍራ አውርዶ፥ በኋላ በቤቱ ያለ መስመር የሚያይበት መንገድ ቢዘጋጅለት፥ በደጋው ቀበሌ ለሚኖር ሰው ትልቅ ውለታ ነው።

የክፍያው ነገር ቀድሞ አስቸጋሪ ነበር፤ የባንክ ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነበርና። ነገር ግን ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን አቋቋመ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ሥራውን በይፋ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ኤምፔሳ ተጨመረ። አሁን ሰው ባለበት ሆኖ ጥቂት ብር መክፈል ይችላል። በሙዚቃም ረገድ ሟቹ ኤልያስ መልካ ከሙያ ጓደኞቹ ጋራ ያቆመው አውታር ዘፈንን በስልክ መሸጥ እንደሚቻል ለአገሩ አሳይቷል።

ሆኖም የአዲስ አበባ ደመወዝተኛ የሚከፍልበት ልማድ ለጌዴኦ ገበሬ አይስማማም። ደመወዝተኛው በየወሩ ይቀበላል፤ ገበሬው ግን ገንዘብ በእጁ የሚበዛው ቡናው በሚለቀምበት ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ጥቂት ወራት ነው፤ በክረምት ኪሱ ይሳሳል። ስለዚህ በየወሩ ሳይጠየቅ የሚቆረጥ ሒሳብ ቤተሰቡን ያስመርረዋል። ለአንድ ቀን፥ ለአንድ ፊልም ወይም ለአንድ ሳምንት የሚከፈል ትንሽ ዋጋ፥ ያውም ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ የሚወሰድ፥ ከሁሉ የተሻለ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው እንደ ተባለው፥ ብዙ ሰው ጥቂት ጥቂት ቢያዋጣ ሥራው ይቆማል፤ ጥቂት ሰው ብዙ እንዲከፍል ቢገደድ ግን ይፈርሳል።

ስለ ሠሪዎቹም ደመወዝ መናገር ይገባናል። ቀድሞ በየከተማው የቪዲዮ ቤቶች በር ላይ ሳንቲም ይሰበሰብ ነበር፤ ቀጥሎም ፊልምን በሚሞሪ ካርድ እየገለበጡ መሸጥ ተለመደ። በሁለቱም ጊዜ የደከመው ደራሲና ተዋናይ ድርሻውን አያገኝም ነበር። የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የፊልምንም ሥራ ይጠብቃል፤ ግን አዋጁ የሚጸናው ገዢው በሕጋዊ መንገድ መግዛት ከመስረቅ የቀለለ ሆኖ ሲያገኘው ነው። አገልግሎቱም ስንት ሰው እንዳየና ስንት ብር እንደ ገባ ለሠሪው በየጊዜው ሊያሳየው ይገባል፤ ሒሳቡ የተሰወረ ማኅበር ጓደኛ አያበዛምና።

ከሁሉም በላይ ልጆቻችንን እናስብ። በአፍ መፍቻው በጌዴኡፋ የሚያይ ሕፃን የአያቱን ተረት፥ የደራሮን በዓልና የአባቶቹን የእርሻ ጥበብ በዓይኑ ይማራል፤ ይህን ያጣ ልጅ ግን ነጻ ሆኖ የመጣለትን የባዕድ አገር ጨዋታ ሁሉ ያለ ምርጫ ይውጣል። ነጻ የተባለውም ቢሆን ዳታውን፥ ጊዜውንና አሳቡን ስለሚወስድ በእውነት ነጻ አይደለም። እንግዲህ ወላጆች ስልኩን ለልጅ ሲሰጡ የሚታየውን አብረው ይምረጡ፤ የሚታይበትንም ሰዓት ይወስኑ።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፥ በሥልጣን ያላችሁ መስመሩ እስከ ገጠር እንዲደርስና የሠሪው መብት እንዲጠበቅ ትጉ፤ ባለሀብቶችም ትርፍን ስታስቡ የገበሬውን ወራት አትርሱ። የገዛ አገሩን ሥራ በተገቢ ዋጋ የሚገዛ ቤተሰብ ለልጁ መዝናኛን ብቻ ሳይሆን፥ ነገ ሠርቶ የሚኖርበትን ሙያ ጭምር ይገዛለታል።