«ተቀናሽ»፣ «ደረሰኝ»፣ «ኦዲት»፣ «ቅሬታ»
ስለ ግብር ሙያ ቃላት አሰያየም

1. መነሻ

የሙያ ቃላት አሰያየም ሲጠና ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ «ቃሉ ከየት መጣ?» የሚለው ነው። «ቃሉን አንብቦ ርምጃ የሚወስደው ሰው ምን ይረዳል?» የሚለው ግን እምብዛም አይነሣም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ሁለተኛ ጥያቄ በጥቂት የግብር ቃላት ላይ መመርመር ነው። ቃላቱ የተመረጡት በእጁ ሙያ የሚተዳደርና የሒሳብ ሠራተኛ የሌለው ሰው ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ጋር ሲገናኝ አስቀድመው የሚገጥሙት በመሆናቸው ነው።

ለአብነት ያህል በሮቢት ከተማ፣ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ የብረት በርና መስኮት የሚሠራ በያጅ እናስብ። ላሜራና ቱቦላሬ ይገዛል፤ ኤሌክትሮድና የመቁረጫ ዲስክ ያልቅበታል፤ የመብራት፣ የቤት ኪራይና የረዳት ደመወዝ ይከፍላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 መሠረት ከዚህ ሰው ግብር የሚሰበስበው ክልሉ ነው። የክልል ሕጎች ግን በአሰያየም ረገድ በአብዛኛው የፌዴራሉን ፈለግ ስለሚከተሉ፣ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው የ2008 ዓ.ም. የፌዴራል አዋጆች፣ ማለትም የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 እና የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ናቸው።

2. «ተቀናሽ»

«ቀነሰ» ከሚለው ግሥ «ቅናሽ»፣ «ቅነሳ»ና «ተቀናሽ» የተባሉት ስሞች ይወጣሉ። «ቅናሽ» በገበያ ሻጭ ለገዢ የሚያደርገው የዋጋ ማነስ ነው፤ በግብር ሕግ ግን «የእርጅና ቅናሽ» ተብሎ የበያጁ ማሽን በየዓመቱ ከዋጋው የሚያጣውን መጠን ያመለክታል። ይህ ልዩነት በቅጽሉ ስለሚገለጥ ብዙ አያሳስትም። የሚያሳስተው «ተቀናሽ» ነው።

ይህ ቃል በሕግና በጽሕፈት ቤት አነጋገር ሁለት የተለያዩ ጉዳዮችን ይሸፍናል። አንደኛው ግብር ከመሰላቱ በፊት ከገቢ ላይ የሚነሣው ወጪ ነው፤ ይኸውም ገቢውን ለማግኘት፣ ለማስገኘትና ለማስቀጠል አስፈላጊ የሆነው ወጪ ነው። ሁለተኛው ከፋዩ ክፍያ ሲፈጽም ቀንሶ በማስቀረት ለመንግሥት የሚያስገባው ግብር ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በያጁ ለአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት የ50,000 ብር በሮች ሠርቶ አስረከበ። አዋጁ ሲወጣ በተደነገገው የ2 በመቶ ምጣኔ ትምህርት ቤቱ 1,000 ብር ቀንሶ አስቀረ። በያጁ ደግሞ ለዚሁ ሥራ የ1,000 ብር ኤሌክትሮድ ገዝቶ ነበር። ሁለቱም 1,000 ብሮች «ተቀናሽ» ይባላሉ። ይሁን እንጂ የተቀረው 1,000 ብር በቅድሚያ የተከፈለ ግብር ስለሆነ ከግብር ዕዳው ሙሉ በሙሉ ይካካስለታል። የኤሌክትሮዱ 1,000 ብር ግን የሚቀንሰው ግብር የሚከፈልበትን ገቢ ነው፤ የመጨረሻው የግብር ምጣኔው 20 በመቶ ቢሆን ከግብሩ ላይ የሚያወርድለት 200 ብር ብቻ ነው። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው የቈጠረ ሰው 800 ብር ያጣል፤ ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው የቈጠረ ደግሞ 800 ብር አሳንሶ ከፍሎ በኋላ ከነመቀጫው ይጠየቃል።

ቋንቋው ራሱ ይህን ልዩነት ያውቀዋል። ማንም የአማርኛ ተናጋሪ ወጪው ሲታሰብለት «ተቀነሰልኝ»፣ ከክፍያው ሲቀርበት «ተቀነሰብኝ» ይላል። «-ል-» እና «-ብ-» የተባሉት ምዕላዶች ድርጊቱ ለማን ጥቅም፣ በማን ላይ እንደ ተፈጸመ ይለያሉ። ግሡ ወደ ስም ሲዛወር ግን ሁለቱም ይወድቁና «ተቀናሽ» ብቻ ይቀራል። ስያሜ ፈጣሪው የስም ቅርጽ ፍለጋ ሲሄድ ተናጋሪው በግሡ ላይ ያኖረውን መረጃ ከመንገድ ጥሎታል ማለት ነው።

3. «ደረሰኝ»

ወጪ ተቀናሽ እንዲሆን ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ማስረጃውም በአብዛኛው ደረሰኝ ነው። «ደረሰኝ» ከስሞቻችን መካከል ልዩ አፈጣጠር ያለው ነው። «ደረሰ» ከተባለው ግሥና «-ኝ» ከተባለው የተሳቢ ምዕላድ የቆመ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሆኖ ሳለ እንደ ስም ይረባል፤ «ደረሰኙ»፣ «ደረሰኞች» ይባላል።

እዚህ ላይ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ ማጤን ይገባል። «ገንዘቡ ደረሰኝ» የሚለው ሻጩ ነው፤ ቃሉ በወረቀት ላይ ሰፍሮ የሚጠቅመው ግን ገዢውን ነው። በያጁ በገበያ ቀን አሮጌ ብረት ከአንድ ሰው ቢገዛና ሻጩ «ደረሰኝ» የሚል ወረቀት ባይሰጠው፣ ወጪው በእርግጥ ወጥቷል፤ መርማሪ ፊት ግን የሚመሰክርለት የለም። ለባለሙያው በሚዘጋጅ ማብራሪያ «ደረሰኝ ያዝ» ከማለት ይልቅ «የሻጩን ቃል በጽሑፍ ተቀበል» ማለት ነገሩን የበለጠ ያስረዳል።

4. «ገቢ» እና «ቁርጥ»

በ2008ቱ አዋጅ ግብር ከፋዮች በሦስት ደረጃ ተከፍለው ነበር። ዓመታዊ ጠቅላላ ገቢያቸው ከ500,000 ብር በታች የሆነው የደረጃ «ሐ» ግብር ከፋዮች የሒሳብ መዝገብ ሳይጠየቁ የቁርጥ ግብር ይከፍሉ ነበር። «ቁርጥ» መለያየትንም ውሳኔንም የሚያመለክት ቃል እንደ መሆኑ ስያሜው የተዋጣለት ነው፤ ወጪ እየተዘረዘረ አይቀነስም፣ ነገሩ በአንድ ጊዜ ይቈረጣል ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 ደረጃዎቹን ወደ ሁለት ዝቅ አድርጎ ድንበራቸውን 2,000,000 ብር ላይ አኑሯል።

ቁርጡ የሚመሠረተው ግን በ«ገቢ» ላይ ነው፤ የዚህ ቃል ፍች የተጣራ አልነበረም። በ2009 ዓ.ም. የ«ቀን ገቢ ግምት» በወጣ ጊዜ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች የተነሣው ብርቱ አቤቱታ ብዙ ምክንያት ቢኖረውም፣ አንዱ የቃሉ ድርብነት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ለገማቹ «ገቢ» የዕለቱ ጠቅላላ ሽያጭ ነው፤ ለባለሙያው ግን «ገቢ» ለላሜራው፣ ለመብራቱና ለረዳቱ ከፍሎ ወደ ቤቱ የሚያስገባው ነው። ግምቱ «የቀን ሽያጭ ግምት» ቢባል ኖሮ ክርክሩ ባይቀርም የሚከራከሩበት ነገር አንድ ይሆን ነበር።

5. «ኦዲት» ወይስ «ምርመራ»?

ባዕድ ቃል በአገር ቃል ይተካ የሚለው ሐሳብ በመሠረቱ የሚደገፍ ነው። «ኦዲት»ን በ«ምርመራ» መተካት ግን ጥንቃቄ ይሻል። «ምርመራ» በፖሊስ ጣቢያ ተጠርጣሪ፣ በሐኪም ቤት በሽተኛ የሚያልፍበት ነው፤ በሁለቱም አንድ ችግር አስቀድሞ ታስቧል። ኦዲት ግን የቀረበውን ሒሳብ ከማስረጃው ጋር ማመሳከር ነው፤ የሚደረግበት ሰው ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም። «ለምርመራ ይቅረቡ» የሚል ደብዳቤ የደረሰው ባለሙያ ቢሸሽ ወይም መዝገቡን ቢደብቅ የቃሉ ድርሻ ቀላል አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 101 «ዋና ኦዲተር» በማለት ባዕዱን ቃል አጽንቶታል። ስለዚህ «ኦዲት» ይቆይ፤ ማብራሪያው «ሒሳብን ከማስረጃ ጋር ማመሳከር» ይሁን፤ «ምርመራ» ለታክስ ወንጀል ጉዳይ ብቻ ይጠበቅ።

6. «ቅሬታ»

ከሁሉም ይልቅ ጉዳት የሚያስከትለው ይህ ቃል ሳይሆን አይቀርም። በዕለት ተዕለት አነጋገር «ቅሬታ» ስሜት ነው፤ ሰው በልቡ ቅር ይለዋል፣ ለጎረቤቱም ይናገረዋል። በታክስ አስተዳደር አዋጁ ግን «ቅሬታ» የታክስ ውሳኔው በደረሰ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ የሚቀርብ መቃወሚያ ነው። በያጁ ጽሕፈት ቤቱ ድረስ ሄዶ ለሠራተኛው «ቅሬታ አለኝ» ብሎ ተናግሮ ቢመለስ በቋንቋው አልተሳሳተም፤ በሕጉ ግን ምንም አላቀረበም፣ ቀኑም ይቈጠራል።

በቀጣዩ ደረጃ ያለው «ይግባኝ» ይህ ችግር የለበትም። እርሱም እንደ «ደረሰኝ» ከግሥ የቆመ ዓረፍተ ነገር ነው፤ «ይግባ» በሚለው ትእዛዝ አንቀጽ ላይ «-ኝ» ተጨምሮ ጉዳዩ ወደ በላይ ዳኛ እንዲገባ የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነው። ቃሉን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር መደረግ እንዳለበት ያውቃል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ ከተባለው በመነሣት ለተርጓሚዎችና ለቃላት አዘጋጆች የሚከተለውን እናቀርባለን።

ሀ/ «ተቀናሽ» ብቻውን አይቁም፤ ለመጀመሪያው ፍች «ተቀናሽ ወጪ»፣ ለሁለተኛው «በቅድሚያ የተያዘ ግብር» ይባል።
ለ/ ሽያጭን ለማመልከት «ጠቅላላ ሽያጭ» ይባል፤ «ገቢ» ፍቹ ሳይገለጥ አይጻፍ።
ሐ/ «ኦዲት»ና «ምርመራ» አይወራረሱ።
መ/ «ቅሬታ» በሕግ ፍቹ ሲገባ «የጽሑፍ መቃወሚያ» የሚል ማብራሪያና የጊዜ ገደቡ አብረውት ይስፈሩ።

«ደረሰኝ»ና «ይግባኝ» ከገበያና ከችሎት አፍ የተወሰዱ ናቸው፤ የሚናገራቸው ሰው ማን እንደ ሆነ በውስጣቸው ይዘዋል። «ተቀናሽ» ይህን አጥቷል። አዲስ የሙያ ቃል ስናወጣ ከሰዋስው መዝገቡ ጋር የሮቢቱን በያጅ አነጋገርም ብናዳምጥ፣ «ተቀነሰልኝ» እና «ተቀነሰብኝ» በማለት እርሱ አስቀድሞ የለየውን እኛ መልሰን ባልቀላቀልነው ነበር።